ሸክምሽን አታውርጂ

ቁስቋም፣ ጉለሌ
አዲስ አበባ
ሐምሌ 21 ቀን 1978 ዓ.ም.

ልጄ አፀደ፣ ዓይኔ፣

እንዴት ከረምሽ? ብርዱስ እንዴት ይዞሻል? እኔ ደህና ነኝ። ቤቱም ደህና ነው፣ ጎረቤቱም ደህና ነው፣ ያቺ ሰው የምትነክሰው ዶሮሽም አለች። ዝናቡ ብቻ ዘንድሮ ቂም እንዳለበት ሰው አልላቀቅ ብሎናል።

ፊደሉ ተንጋዶ ስታዪው እንዳትስቂ። እስከ ዛሬ የላኩልሽን ሁሉ እኔ እየተናገርኩ የሚጽፍልኝ አለማየሁ ነበር፣ የቀበሌው የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ። እሱ ሲጽፍልኝ ቃሌን ሁሉ እያሳመረ እኔን የደብር አለቃ ያስመስለኛል። ይህኛውን ግን ራሴ ልጽፈው ብዬ ተቀመጥኩ። የምነግርሽ ነገር በራሴ አፍ እንዲደርስሽ ስለፈለግኩ ነው። ደግሞም በፖስታ ቤት አልልከውም። የሸጎሌዋ ሙኒያ፣ ያቺ አብራሽ የተማረችው፣ ዘንድሮ ዕድሉ ደርሷት ወደ ሌኒንግራድ ልትመጣ ነው። በልብሷ መሀል ይዛልሽ ትመጣለች። ስለዚህ እንደ ልቤ እጽፋለሁ። አንብበሽ ስትጨርሺ ምን እንደምታደርጊው አንቺው ታውቂያለሽ።

ያለፈው ደብዳቤሽ የደረሰኝ ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው። በረዶ ውስጥ ቆመሽ የተነሳሽውን ፎቶግራፍ ሰፈሩ ሁሉ ተቀባበለው። እትዬ ሙሉ ዓይናቸው አጠገብ አድርገው ሲያዩት ቆዩና «ይህን ሁሉ ጥጥ ማን ይፈትለዋል?» አሉ። በረዶ ነው ብንላቸው አላመኑም። ከፎቶግራፉ ጀርባ ያለው ደብዳቤ ግን ሳቄን ቀማኝ። «እንጦጦ ሊታጠር ነው ሲሉ ሰማሁ። እዚህ እኔ ስለ ደን እየተማርኩ አንቺ በደን ምክንያት የምትራቢ ከሆነ ምን ዋጋ አለው? ትምህርቱን ትቼ ልምጣና አብሬሽ ልሁን» ብለሽ ጽፈሻል።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ሳነበው ተናደድኩ። ከዚያ አለቀስኩ። ካለቀስኩ በኋላ እንደገና ተናደድኩ። አሁን የሆነውን ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምሬ እነግርሻለሁ። ሰምተሽ ስትጨርሺ ለምን እንደተናደድኩ ይገባሻል።

የሰማሽው እውነት ነው። ከፋሲካ በኋላ ቀበሌ ስብሰባ ተጠራን። ተራራው ተራቁቷል፣ ሊታጠርና አዲስ ዛፍ ሊተከልበት ነው፣ ከእንግዲህ ቅጠልና እንጨት የሚለቅም ሰው ይቀጣል ተባለ። አፀደ፣ ይህን ስልሽ እንዳትገረሚ፣ የጫካው መከለል እኔን አላስከፋኝም። እኔ እዚህ ሰፈር ስዳር ከቁስቋም ማርያም ጀርባ ጥቂት ወጣ እንዳልሽ ፀሐይ አይታይሽም ነበር። አሁን ግን አንድ ሸክም ቅጠል ለመጥረግ ተራራውን ዞረን ማዶ መውረድ ሆኗል ሥራችን። ክረምት ሲመጣ ጎርፉ አፈሩን ተሸክሞ በደጃችን ያልፋል። ይህን ከእኛ በላይ ማን አየው? ያስከፋኝ ሌላ ነው። ሰብሳቢው ተራራውን ያራቆትነው እኛ መሆናችንን እየደጋገመ ነገረን። ማርያምን አልዋሽም፣ ርጥብ ቅርንጫፍ የቆረጥንበት ቀን አለ። ግንዱን ግን በጀርባችን አላወረድነውም፣ በጭነት መኪና ነው የወረደው። እኛ ያወረድነውን ቅጠልም ቢሆን ከተማው ሁሉ እንጀራ ጋግሮበታል። ሲበላ አብሮን በልቶ ሲወቀስ ብቻችንን ሆንን።

እጄን አወጣሁ። ታውቂኛለሽ፣ አልችልም ዝም ማለት። «ጫካው ይደግ፣ ደስ ይለናል። እሱ እስኪያድግ ድረስ እኛ ምን እንብላ?» አልኩ። ሰብሳቢው «ጥያቄሽ ተመዝግቧል» አለኝ። የተመዘገበ ጥያቄ የት እንደሚገባ አንቺ የተማርሽው ታውቂ ይሆናል፣ እኔ ግን አላየሁትም።

ሰኔ ሲገባ አንድ ወጣት መጣ። ጓድ ስብሐት ይባላል፣ የተከላው ኃላፊ ነው። ቦት ጫማ አጥልቆ፣ ትልቅ መዝገብ በላስቲክ ጠቅልሎ፣ ሲናገር አንገቱን የሚሰብር ጨዋ ልጅ። ችግኝ ጣቢያውና ተከላው ሠራተኛ ይፈልጋል፣ ከናንተ ከተራራው ሴቶች እንቀጥራለን አለን። እልል ልንል ስንል «ቦታው ያለው ግን ለግማሻችሁ ነው» አለ። ጠንካራ ጠንካራውን ሊመርጥ ዓይኑን በላያችን ላይ ሲያመላልስ ከብት ገበያ የቆምኩ መሰለኝ። እኔን መዘገበኝ፣ ስለምለፈልፍ መሰለኝ። ቡርቱካንን መዘገበ። ያቺ ትከሻዋ ሰፊ፣ ባሏ ለወታደርነት ሄዶ ከሁለት ልጆች ጋር የቀረችው ቡርቱካን። የእሷን አንሺ እትዬ ሙሉን ግን ሽበታቸውን አየና አለፋቸው።

በማግስቱ ቢሮው ድረስ ሄድኩ። አንሺ ምን ማለት እንደሆነ ለአንቺ አልነግርሽም፣ ለእሱ እንዴት አድርጌ እንዳስረዳሁት ግን ልንገርሽ። «ልጄ፣ አንዲት ሴት የቅጠል ሸክሟን ብቻዋን ተሸክማ ከመሬት መነሳት አትችልም» አልኩት። «ሸክሙን ከገደሉ አፋፍ ታስደግፈዋለች፣ ጀርባዋን ሰጥታው ትቀመጣለች፣ ገመዱን ደረቷ ላይ ታስራለች። ከዚያ እጇን ትዘረጋለች። አንሺዋ እጇን ይዛ ትስባታለች። እሷ ከነሸክሟ ከቆመች በኋላ ደግሞ አንሺዋ በተራዋ ተቀምጣ ታስራለች፣ የቆመችው እጇን ትሰጣታለች። ስለዚህ እያንዳንዳችን አንድ አንድ አንሺ አለን። አንዷን ወስደህ አንዷን ብትተው ግማሻችንን አይደለም የወሰድከው፣ ሁላችንንም ነው ያስቀመጥከን። ሁለት ሁለት አድርገህ መዝግበን። አንዱን ቦታ ሁለት ሆነን ሳምንት በሳምንት እየተፈራረቅን እንሥራበት። ተራዋ ያልሆነችው ደግሞ ከታጠረው ውስጥ የወደቀውን ቅጠልና ጭራሮ ዘበኛ እያያት ትልቀም።»

ሰማኝ፣ አልተቆጣሁትም፣ አልተቆጣኝም። መዝገቡን ገልጦ አሳየኝ። «አየሽው፣ እናቴ… ይቅርታ፣ አዩት? ለአንድ መደብ የተሰጠው አንድ መስመር ነው። ሁለት ስም የሚጻፍበት ቦታ የለውም። ከላይ እንዲህ ሆኖ ነው የመጣው» አለኝ።

«ከላይ ያለው ሰው ተሸክሞ ያውቃል?» አልኩት።

«እኔ እንጃ» አለ። ሊስቅ ሲል ተወው።

ወደ ሰፈር ተመልሼ ሴቶቹን እዚያው ስንወርድ የምናርፍበት ድንጋይ ላይ ሰበሰብኳቸው። ሁሉም ሐሳቡን ወደደው፣ ቡርቱካን ብቻ ተነስታ ቆመች። «እኔ አንድ ሳምንት ሠርቼ አንድ ሳምንት ቁጭ ብል ልጆቼ በፈረቃ ነው የሚበሉት? ስሜ ወጥቷል፣ እኔ እገባለሁ» አለች። ሌሎቹ ሊጮሁባት ሲሉ እትዬ ሙሉ ከለከሏቸው። «ተዉአት፣ ልጅ ያላት እሷ ናት። እኔ የቀረችኝን አንድ ነፍስ የትም ብዬ አሳድራታለሁ» አሉ። ይህን ሲሉ ግን ገመዳቸውን እየጠቀለሉ ነበር፣ ቀና ብለው ቡርቱካንን አላዩዋትም። እኔም ቡርቱካንን አልተቆጣኋትም። እውነቷን ነው፣ ግማሽ ያው ግማሽ ነው። ግን እትዬ ሙሉ ያለ አንሺ፣ ያለ ሥራ፣ በታጠረ ተራራ ግርጌ ምን ሊሆኑ ነው? ይህን እያሰብኩ የያዝኩት ነገር እንደማይለቀኝ አወቅኩ። ሥራው ከሁላችን ጋር ካልሆነ ከማናችንም ጋር እንዳይሆን ለራሴ ቃል ገባሁ።

የመጀመሪያው የተከላ ቀን ደረሰ። የተመዘገብነው ከሽቦው ውስጥ ገባን። ያልተመዘገቡት ደግሞ ሌላ የሚሄዱበት ስለሌላቸው ተከትለውን መጥተው ከሽቦው ውጭ ዝናብ ላይ ቆሙ። ችግኙን የጫነው መኪና ጭቃው ይዞት ዳገቱን አልወጣም አለ። ጓድ ስብሐት ሳጥን ሳጥኑን በጀርባችሁ አውጡት አለን። ይህ ለኛ ምን አዲስ ነገር ነው? እያንዳንዳችን ሳጥናችንን አስደግፈን፣ ተቀምጠን፣ ገመዳችንን አሰርን።

አሁን የሚሆነውን ልብ ብለሽ አንብቢ። ቡርቱካን ከሁላችንም ቀድማ ጨርሳ እጇን ዘረጋች። ወዴት እንደምትዘረጋ አላየችም፣ አይታም አታውቅም። እትዬ ሙሉ ሁልጊዜ እዚያው ናቸዋ። እጇን ዘርግታ፣ እንደምናደርገው ሁሉ ሰውነቷን ወደ ፊት ወረወረችው። የሚስባት አልነበረም። ከነሳጥኑ በጎኗ ጭቃው ላይ ወደቀች፣ ችግኙም ቁልቁል ተንከባለለ። ከሽቦው ውጭ እትዬ ሙሉ እጃቸውን ዘርግተው ቆመው ነበር። እሳቸውም ሳያውቁት ነው የዘረጉት።

ማንም አልሳቀም። ሌላ ቀን ቢሆን እስክንታመም እንስቅ ነበር። ቡርቱካን አልተጎዳችም። ጭቃው ላይ እንደተቀመጠች ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና «አንሺዬን ጥሩልኝ» አለች። ድምፅዋ የልጅ ድምፅ ሆነብኝ።

ጓድ ስብሐት እየሮጠ መጣ። «ምን ሆናችሁ ነው? ተነሱ እንጂ» አለ። ማንም አልተነሳም። አልተማከርንም እኮ፣ አፀደ። ዓይን ለዓይን እንኳ አልተያየንም። ሁላችንም እንደታሰርን ዝናብ ላይ ቁጭ አልን። የተመዘገብነው እርስ በርስ እጅ ተሰጣጥተን መነሳት ያቅተን ነበር? አያቅተንም። ነገሩ የመነሳት አልነበረም።

ልጁ ወደኔ ጎንበስ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እትዬ የዓለምወርቅ፣ እባክዎ። ይህ ሥራ ማቆም ነው። አሻጥር ነው የሚባለው፣ ያውቃሉ። ሰው ቢያየን እናንተም አትተርፉም፣ እኔም አልተርፍም» አለኝ። እኔም ፈራሁ። ያን ዓመት የሰፈራችን ሰዎች ከቤታቸው ተወስደው ያልተመለሱበትን አልረሳሁም፣ አንቺም አትረሺውም፣ ስም አልጠራም።

ግን ተቀምጫለሁ፣ ጀርባዬ ላይ ሳጥን አለ፣ ከፊቴ እትዬ ሙሉ ሽቦ ይዘው ቆመዋል። «ሥራ አላቆምንም፣ ልጄ» አልኩት። «ይኸው ጭነናል፣ ታጥቀናል። የሚያነሳን ነው ያጣነው። አንሺዎቻችን እዚያ ናቸው፣ ታያቸዋለህ። አስገባቸውና ችግኝህን አሁኑኑ አፋፉ ላይ እናደርስልሃለን። ከፈለግክ ደግሞ መዝገብህን አምጣና እሱ ያንሳን።»

ቀና አለና ዘበኛውን ጋሽ ዓምሃን ጠራ። ጋሽ ዓምሃን ታስታውሺያቸዋለሽ፣ ስንቱን ገመድ ከጀርባችን ላይ የነጠቁን። «እነዚያን ከሽቦው ያርቋቸው» አላቸው። ጋሽ ዓምሃ በትራቸውን ተደግፈው ሴቶቹን አዩ፣ እኛን አዩ። «እነዚህን ነው? እኔ እነዚህን ሳባርር ነው የሸበትኩት። ዛሬ ባባርራቸው ነገ ይመጣሉ። አስገብቼ ብጠብቃቸው ለእኔም ይቀለኛል» አሉና ሰው ሳያዛቸው የሽቦውን በር ከፈቱት። ከእኚያ ሰውዬ አፍ እንዲህ ያለ ነገር ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ጓድ ስብሐትም አልከለከላቸውም።

እትዬ ሙሉ መጀመሪያ ገቡ። ጭቃው ላይ እግራቸውን ተክለው ለቡርቱካን እጃቸውን ሰጧት። ቡርቱካን ተነሳች። ከነሸክሟ ቆማ እጃቸውን ሳትለቅ «ሳምንት በሳምንት ይሁን» አለች። ከዚያ በየቦታው እጅ ለእጅ ሲያያዝ፣ ሳጥኑ ሁሉ ሲነሳ፣ ዳገቱ ላይ ሲወጣ ብታዪው ኖሮ። እኔ እንደ ሞኝ አለቀስኩ፣ ዝናቡ ሸፈነልኝ።

ሁሉም ተነስቶ ሲያልቅ የቀረሁት እኔ ነኝ። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ አንሺ የለኝም። ሌላ አልያዝኩም፣ ሁሉም ጥንድ ጥንድ ነውና። ማረፊያችን አጠገብ ዘንበል ያለች አንዲት ባሕር ዛፍ ነበረች፣ ትዝ ትልሽ ይሆናል፣ እሷን ይዤ ነበር የምነሳው። ባለፈው ዓመት እሷንም ቆርጠው ጫኗት። ጫካው ይደግ የምለው ለከተማው ብቻ ብዬ እንዳይመስልሽ።

ጓድ ስብሐት መጥቶ እጁን ዘረጋልኝ። ለወጉ ያህል ነው እንጂ ብቻዬን እነሳ ነበር። አሳሳቡን አያውቅበትምና ቦት ጫማው አንሸራቶት እሱም መጥቶ ጭኔ ላይ ወደቀ። ያኔ ነው ተራራው በሳቅ የተናወጠው። ጋሽ ዓምሃ ሁለታችንንም አነሱን። ጭቃውን ከሱሪው እያራገፈ «የእርስዎ አንሺ የታለች?» አለኝ።

«ሌኒንግራድ ናት» አልኩት።

እየቀለድኩበት መስሎት ነበር። «የምሬን ነው። ልጄ ናት። ደን ነው የምትማረው። ከሄደች ጀምሮ ቦታዋ ባዶ ነው» አልኩት። ከዚያ መዝገቡን ከላስቲኩ አወጣና በኔ ስም መስመር ላይ፣ ከስሜ ጎን ባለችው ጠባብ ቦታ፣ ደቃቅ አድርጎ ስምሽን ጻፈ። አፀደ ኃይለ መለኮት። የአባትሽን ስም ከሞተ ወዲህ ሰው ሲጽፈው ያየሁት ያን ቀን ነው። ቀጥሎ የሁሉንም አንሺ በየጎናቸው ጻፈ። ቦታ የለውም ያለኝ መስመር ለሁለት ስም በቃ።

ከዚያ በኋላ ለአለቆቹ ምን ብሎ እንደነገራቸው አላውቅም። ፈርቶ እንደነበር አውቃለሁ። ከሳምንት በላይ ፊቱ ጠቁሮ ከረመ። ትናንት ግን ወረቀት ይዞ መጣ። ለዚህ ክረምት፣ ለሙከራ፣ በአንድ መደብ ሁለት ሴቶች ሳምንት በሳምንት እየተፈራረቁ እንዲሠሩ ተፈቅዷል። ተራዋ ያልሆነችው ረቡዕና ቅዳሜ ከታጠረው ውስጥ የወደቀ ቅጠልና ጭራሮ ታወጣለች፣ ጋሽ ዓምሃ እያያት። ያንቺን ሳምንት ለጊዜው አንሺዋ የሞተችባት አንዲት የላይ ሰፈር ሴት ትሠራልሻለች። ቦታው ያንቺ መሆኑን ታውቃለች፣ ነግሬያታለሁ።

አሁን ሁሉ ነገር ተፈታ ብዬ አልዋሽሽም። የተፈቀደው ለክረምቱ ነው። ከመስቀል በኋላ ተከላው ሲያልቅ «በቃ፣ ሂዱ» ሊሉን ይችላሉ። አንሄድም። ማመልከቻ እያዘጋጀሁ ነው፣ በራሴ እጅ፣ በዚህ በተንጋደደ ፊደሌ። ከሚተከለው ውስጥ አንዱ ጥግ ለሰፈሩ ሴቶች እንዲሆን፣ ዛፉ ሲደርስም ቅርንጫፉን መመልመልና ቅጠሉን መልቀም ሥራችን ሆኖ እንዲጻፍ እንጠይቃለን። እምቢ ካሉ እንደገና እንጠይቃለን። መቀመጥ እንደምናውቅ አይተዋል።

እንግዲህ ወደ ተናደድኩበት ነገር ልመለስ። «ትምህርቱን ትቼ ልምጣ» ያልሽው።

አፀደ፣ አንቺ ይህን ሥራ ከኔ ጋር ሠርተሻል። ትምህርት ቤት በሌለ ቀን ሁሉ ትንሽ ሸክምሽን ይዘሽ ተከትለሽኛል። እስቲ ንገሪኝ፣ አንዷ ከነሸክሟ ከቆመች በኋላ ሌላዋን ለማንሳት ሸክሟን አውርዳ ታውቃለች? አታወርድም። ብታወርድ ሁለቱም መሬት ላይ ናቸው፣ ማን ማንን ያነሳል? ቆማ ነው እጇን የምትሰጠው። ይህን ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ፣ አንድ ቀን መነሳት ሲያቅተኝ አይተሽ ሸክምሽን ልትጥዪ ስትዪ እጅሽን መትቼሻለሁ፣ ታስታውሺው ይሆናል።

አሁን የቆምሽው አንቺ ነሽ። ሸክምሽ ትምህርትሽ ነው። ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ቋንቋው፣ ብርዱ፣ ብቸኝነቱ። ከሩቅ ሆኜ ባላየውም ክብደቱ ይታወቀኛል። ሸክምሽን አታውርጂ። እንዳትመጪ። ባለሽበት ቆመሽ እጅሽን ስጪኝ። መምህሮችሽን ጠይቂልኝ፣ በሌላ አገር ደን ሲከለል በደኑ ይኖር የነበረውን ሰው ምን አደረጉት? ከሥራው ነቅለው ወዴት ተከሉት? ሳይቆረጥ ቶሎ ቶሎ ቅጠል የሚሰጥ፣ ጎርፉንም የሚይዝ ዛፍ የትኛው ነው? ይህን ጽፈሽ ላኪልኝ፣ ከማመልከቻው ጋር አያይዘዋለሁ። አንድ ቀን ደግሞ ወረቀትሽን ይዘሽ ስትመለሺና እንደ ጓድ ስብሐት መዝገብ ይዘሽ በአንድ ተራራ ግርጌ ሴቶች ፊት ስትቆሚ፣ ስማቸውን ከመጻፍሽ በፊት ማን ማንን እንደምታነሳ ጠይቂያቸው። ያን ቀን ለማየት እኖራለሁ፣ ወስኛለሁ።

ስለ እኔ አታስቢ። ጓድ ስብሐት ችግኝ ጣቢያው ውስጥ በትናንሽ ፕላስቲክ ከረጢት አፈር የሚሞላበት ቦታ መድቦኛል። ቁጭ ተብሎ የሚሠራ ሥራ ነው። እኔው ራሴ ነኝ የጠየቅኩት፣ ወሬው ይጥመኛል፣ ጥላም አለው። እዚያ ጉልበት ማሻ ቅባት እንዳለ ሙኒያ ነግራኛለች። ብታገኚ ትንሽ ላኪ፣ ለእትዬ ሙሉ ነው። ደግሞ ሙኒያ ስትመጣ እናትሽ በትር ይዛ ነው የምትሄደው ብላ ብትነግርሽ አትደንግጪ። የችግኝ ጣቢያው መንገድ ውሻ በዝቶበታል።

እትዬ ሙሉ ይሳለሙሻል፣ ከጥጡ እንድትልኪላቸው ብለዋል። ቡርቱካን ትስምሻለች። ጋሽ ዓምሃም፣ አትሳቂ፣ «ያቺን ፈጣን ልጅ ሰላም በይልኝ፣ እሷን ብቻ አንድም ቀን አልያዝኳትም» ብለውኛል።

የቁስቋሟ እመቤት በሄድሽበት ሁሉ ትቅደምልሽ። በረዶው ላይ እግርሽ አይንሸራተት። ያሰብሽውን ሳታደርሺ መንገድ ላይ የሚያስቀምጥሽ ነገር አይግጠምሽ። የምታርፊበት ድንጋይ አይጥፋ።

ጓድ ስብሐት ጠዋት ጠዋት ስም ሲጠራ የኔን ጠርቶ ያንቺንም ይጠራል። ሴቶቹ ሁሉ ዞር ብለው ያዩኛል። እኔም ከተቀመጥኩበት ሆኜ «አቤት፣ ቆማለች» እላለሁ።

እናትሽና አንሺሽ፣
የዓለምወርቅ